የተማሪዎች የክብር ጉባኤ የት ድረስ ይግባ?

ፈተና ስቆጣጠር የኖርኩ የባሕር ዳር መምህር ነኝ። የክብር ጉባኤ፣ ማለትም የተማሪን ጥፋት ተማሪዎች ራሳቸው የሚዳኙበትን ሸንጎ፣ ለምታቋቁሙ ልጆች ምክሬ ይኸው። ሥራችሁ ኩረጃ፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ መገልበጥና ስርቆት ብቻ ይሁን። ማን ከማን ጋር ጣና ዳር እንደተቀመጠ አያገባችሁም።

ስልክ ላይ ጠንከር ልበል። መልስ በቴሌግራም ተላላከ የተባለ ልጅ ሲቀርብ «ስልክህን ክፈት» ማለት ይቀናል። አትበሉ! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና መልእክትን ይጠብቃል። እናንተም ፖሊስ አይደላችሁም። የፈታኙን ቃል ስሙ፤ የመልስ ወረቀቶቹን አስተያዩ። ማስረጃው ካልበቃ ልጁን በነፃ አሰናብቱት።

ክሱን ቀድማችሁ በጽሑፍ ስጡት። የዶርም ጓደኛው ወይም የተጣላው ሰው ከዳኝነት ይነሣ። ጾታዊ ጥቃት ከሆነ ሽምግልና ብሎ ነገር የለም፤ ተጎጂዋን ሐኪም ጋና ፖሊስ ጋ አድርሷት።

ቅጣቱስ? የአሜሪካው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የክብር ሥርዓት በፈረንጆቹ 1842 ተጀመረ። ለረጅም ጊዜ ቅጣቱ መባረር ብቻ ነበር፤ በ2022 ተማሪዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው አለዘቡት። እኔ ብሆን የማባረር ሥልጣን ለጉባኤ አልሰጥም። የውሳኔ ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ለዲኑ አስረክቡ፤ ልጁም ይግባኝ የሚልበትን ቦታ ንገሩት።