ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት የተወለደው ልጅ፦ የአንድ መዝገብ እንቆቅልሽ እንዴት ተፈታ

የባለቤቴ ቤተሰብ በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት መጀመሪያ ዘመን ከሰፈሩት ሰዎች የአንዱ ዘር መሆኑን ሲተርክ ኖሯል፤ እኔም ለልጆቻችን ብዬ የትውልድ ሐረጉን በመዝገብ ላረጋግጥ ስነሳ አንድ ቦታ ላይ ለወራት ቆምኩ። በታተመው የከተማው መዝገብ የአባትየው ጋብቻ በፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 1640፣ የበኩር ልጁ ልደት ደግሞ ፌብሩዋሪ 1640 ይላል። ከእኔ በፊት ሐረጉን የቆጠሩ ሰዎች ይህን ለማስታረቅ ሲሉ ምንም ማስረጃ የሌላት የመጀመሪያ ሚስት ጨምረውለታል፤ ይህም የልጁን እናት ከዘሯ ስለሚነቅላት ከባድ በደል ሆኖ ታየኝ።

መፍትሔው የተገኘው የእጅ ጽሑፉን ፎቶ ስመለከት ነው። ጸሐፊው የወር ስም አልጻፈም፤ ለልደቱ «10 (12) 1640» ብሎ በቁጥር ብቻ ነው ያሰፈረው፤ ለጋብቻውም ወሩን «(2)» ብሎታል። ፒዩሪታኖች (ቅኝ ግዛቱን የመሠረቱት አጥባቂ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች) የወራቱን ስም ከአሕዛብ አማልክት የመጣ ነው ብለው ስለሚሸሹት በቁጥር ይጽፉ ነበር፤ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ ደግሞ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ በይፋ የሚለወጠው ማርች 25 ስለነበር አንደኛው ወር ማርች፣ አሥራ ሁለተኛው ፌብሩዋሪ ነው። ስለዚህ ያ ፌብሩዋሪ የ1640 መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም፤ በዛሬው አቆጣጠር 1641 ይሆናል፤ ልጁም የተወለደው ከጋብቻው አሥር ወር ያህል ቆይቶ ነው። አዲስ ዓመትን በመስከረም የምንቀበል እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም።

አሁን በዚያ ዘመን ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለውን ቀን ሁሉ «1640/41» እያልኩ በሁለቱም ዓመት እመዘግባለሁ፤ የእናትየውንም ስም ወደ ቦታው መልሻለሁ።