ለሞተር ሳይክል ውድድር ሰውነትን በርቀቱ ልክ ማዘጋጀት

ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት የሚገቡበት ውድድር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይወቁ። የሞቶ ጂፒ (የዓለም ከፍተኛው የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና) ዋናው ውድድር ከ95 እስከ 130 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከአውሮፓውያኑ 2023 ጀምሮ ቅዳሜ የሚካሄደው ስፕሪንት (አጭሩ ውድድር) የዚህ ግማሽ ያህል ነው። በጃፓን ሱዙካ በሚካሄደው፣ 8 ሰዓት ሙሉ በሚፈጀው ውድድር ግን በአንድ ሞተር ሁለት ወይም ሦስት ነጂዎች ይፈራረቃሉ። አጭርም ይሁን ረጅም፣ ልብ በደቂቃ ከ150 በላይ እየመታ ይቆያል።

ጀማሪን ቀድሞ የሚጥለው የክንድ መደደር ነው። ፍሬን ሲያዝ ሰውነት ወደ ፊት ይወረወራል። ጉልበት ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ካልጨመቀ ክብደቱን ሁሉ እጅ ይሸከማል። የክንድ ጡንቻ ደም ሞልቶ ያብጣል፤ የሸፈነው ስስ ልባስ ግን አይለጠጥም፤ ስለዚህ የደም ዝውውሩ ይታፈናል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ የፍሬኑ ልክ አይታወቅም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ክንዱን በብረት ማጠንከር ይጀምራል። ስህተት ነው። መሥራት ያለበት እግርና ወገብ ነው።

ጀርባዎን ግድግዳ ላይ ደግፈው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ይሁኑ፤ በጉልበቶችዎ መካከል ኳስ አድርገው ይጭመቁ። በ45 ሰከንድ ሦስት ዙር ይጀምሩ፤ በስምንት ሳምንት 90 ሰከንድ ይድረሱ። ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ያክሉበት። ሞተሩንም ያስተካክሉ፦ ተቀምጠው ጣትዎን የፍሬኑ እጀታ ላይ ሲያሳርፉ ከክንድ እስከ ጣት አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። የእጅ አንጓዎ ወደ ላይ ከተቀለበሰ ብሎኑን አላልተው እጀታውን ወደ ታች ያውርዱት። ከወረዱ ከ15 ደቂቃ በኋላም ድንዛዜው ካልለቀቀ ሐኪም ይየው።

ለትንፋሽ ከብስክሌት የሚሻል የለም፤ ባሕር ዳር ላለ ሰው ደግሞ ብስክሌት ብርቅ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፦ አንዱን ቀን እያወሩ ሊነዱ በሚችሉት ፍጥነት 90 ደቂቃ፤ አንዱን ቀን ዳገት ላይ 4 ደቂቃ በኃይል፣ 3 ደቂቃ እረፍት፣ አራት ጊዜ፤ አንዱን ቀን የውድድሩን ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ። ለ20 ደቂቃ ውድድር የዳገቱ ቀን ይበልጣል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ይቀንስ።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ወደ 11 ሰዓት ያዙሩት፤ ጠዋት ማፍታቻ ብቻ። ውድድሩ ጾም ላይ ከዋለ ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይመካከሩ። ሊወዳደሩ ሦስት ሰዓት ሲቀር በማር የተበጠበጠ በሶ ጥሩ ነው፤ ቅቤ የበዛበት ምግብ ግን ሆድ ውስጥ ይቆያል።

የቆዳ ልብስ ሙቀት ያፍናል። ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘኑ፤ 1 ኪሎ ከቀነሱ 1 ሊትር ያህል ላብ ወጥቷል ማለት ነው፤ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጨው ቆንጠር አድርገው ቀስ ብለው ይተኩ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ ስለሚጨምር ውሃ ከላይ ይያዙ። ያ ቁልቁለት የጭነት መኪና መንገድ ነው፤ ፍጥነት አይለማመዱበት።