የጀግኖች ቡድን ካርቱን በዲስክ ሲመጣ እንዴት ይገመገማል?

ጥምቀት ሲቃረብ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ከጫማውና ከሽቶው መሀል፣ የካርቱን ዲቪዲ ሳጥን ብቅ ማለቱ ጎንደር ላይ ብርቅ አይደለም። ሲዲ ቤቱ ፊቱን ወደ ፍላሽ ጭነት ካዞረ ወዲህ ኦሪጅናሉ የሚገኘው ባብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው። ሳጥኑን «አምጡልኝ» ብሎ የሚያዝ ሰው አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ካርቱኑ ጥሩ ነው ወይ? ይህ ዲስክስ ካርቱኑን በወጉ ያሳያል ወይ? ግሩም ካርቱን በማይረባ ዲስክ ሊወጣ ይችላል፤ ተራውም በሚያምር ሳጥን ይሸጣል። ሁለቱን ያደባለቀ ግምገማ ለገዢ አይጠቅምም።

1. ከማጫወታችሁ በፊት አገላብጡት

ፋብሪካ የታተመ ዲስክ ጀርባው ብርማ ነው፤ ባለ ሁለት ንብርብር ከሆነ ወርቃማ ቀለም ይቀላቀልበታል። ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ በኮምፒውተር የተቀዳ ነው። የተቀዳውን አይቶ «ምስሉ ይደበዝዛል» ብሎ መጻፍ፣ ፎቶ ኮፒ ይዞ የመጽሐፉን ኅትመት እንደ መንቀፍ ነው። ሒሳቡን አስሉት፦ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። እያንዳንዳቸው 22 ደቂቃ የሚፈጁ 13 ክፍሎች እዚያ ላይ ቢታጨቁ ለአንዷ ሰከንድ የሚደርሳት 2.2 ሜጋቢት ገደማ ነው። 8.5 ጊጋባይት በሚይዘው ባለ ሁለት ንብርብር ላይ ሰባት ክፍል ቢቀመጥ ግን ከ7 ሜጋቢት በላይ ይደርሳታል፤ የሚደርሳት ባነሰ ቁጥር ሥዕሉ ይበልጥ ይታመቃል። ስለዚህ ስንት ክፍል በስንት ዲስክ እንደተከፈለ ቆጥራችሁ ደብተር ላይ አስፍሩ። ኋላ ለምታዩት ጉድለት ግማሹ መልስ እዚህ ይገኛል።

ከሳጥኑ ጀርባ በትንሽ የዓለም ሉል ሥዕል ውስጥ የተጻፈችው ቁጥር ሪጅን ናት፤ ዲስኩ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ ትናገራለች። ኢትዮጵያ ለዲቪዲ ሪጅን 5፣ ለብሉ ሬይ ሪጅን ቢ ውስጥ ትመደባለች። የአሜሪካው ዲቪዲ ሪጅን 1፣ የአውሮፓው ሪጅን 2 ነው። ብዙ ርካሽ ዴኮች ሪጅን አይመርጡም። የላፕቶፕ ዲቪዲ ማንበቢያ ግን ሪጅኑን የሚያስቀይረው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ተቆልፎ ይቀራል። «ሪጅን ልቀይር?» ብሎ ሲጠይቅ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ። ቪኤልሲ የተባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ሳይቀየርም ያጫውተዋል።

የበጋ አቧራ ካለበት በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዙሪያውን ማሸት ክልክል ነው፤ ዴኩ የሚያነበው ክቡን ተከትሎ ስለሆነ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ብዙ መረጃ በአንዴ ይበላል።

2. ዴኩንና ቲቪውን አስተካክሉ

ከአሜሪካ የመጣ ዴክ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ቤት ያለው 220 ያቃጥለዋል፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። በዴኩ ሴቲንግ ውስጥ «ቲቪ ሲስተም» የሚለውን «አውቶ» ላይ አድርጉት። ያረጀው ባለ ወፍራም ጀርባ ቲቪ ፓል የተባለውን የአውሮፓ የቲቪ ሥርዓት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ የአሜሪካውን ኤንቲኤስሲ ዲስክ ጥቁርና ነጭ አድርጎ ወይም እያንከባለለ ያሳያል። ይህ የዲስኩ ጥፋት አይደለም።

በጠፍጣፋው ቲቪ ላይ ሦስት ነገር ንኩ፦ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጥፉ፣ «ሻርፕነስ» ወደ ታች አውርዱ፣ ሥዕሉን የሚለጥጠውን ወደ 4 ለ 3 (ወርድ ለቁመት) ወይም ወደ «ኦሪጅናል» መልሱ። የመጀመሪያው ለካርቱን መርዝ ነው። ካርቱን ብዙ ጊዜ በሰከንድ 12 ሥዕል ብቻ ይሣልና እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ቲቪው በመሀል የራሱን ሥዕል ፈጥሮ ሲሰነቅር ጡጫው ጭቃ ውስጥ የገባ ይመስላል።

መለጠጡን ለማወቅ ሜትር በቂ ነው። ሙሉ ጨረቃ ወይም ክብ ዓርማ ያለበት ላይ አቁሙና ስክሪኑ ላይ ወርዱንና ቁመቱን ለኩ። እኩል ካልሆኑ ተለጥጧል። ኤክስ-ሜን (እ.ኤ.አ. 1992–1997) እና ቲን ታይታንስ (እ.ኤ.አ. 2003–2006) የተሠሩት ለ4 ለ 3 ቲቪ ስለሆነ ግራና ቀኝ ጥቁር ሲቀር ትክክሉ እሱ ነው። በ4 ለ 3 የተሣለው «ስክሪን ሙሉ» ይሁን ተብሎ ከላይና ከታች ከተቆረጠ የሥዕሉ ሩብ ሄዷል ማለት ነው፤ ግንባራቸው የተቆረጠ ጀግኖች ከበዙ ጠርጥሩ።

3. እዩት

መጀመሪያ ሳትጽፉ፣ ቀጥሎ እየጻፋችሁ። 26 ክፍል ያለው ሲዝን ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይፈጃልና ለአራት ምሽት ከፋፍሉት። መብራት ሲጠፋ ብዙ ዴክ የቆመበትን ስለሚረሳ ደቂቃውን ጻፉ። የመጀመሪያውን ዲስክ ብቻ አይቶ መፍረድ የተለመደ ስህተት ነው፤ የቡድን ካርቱን መጀመሪያው ላይ ገና ሰው እየሰበሰበ ነው።

4. ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ግምገማ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምስሉ ላይ ደስ የማይል ነገር ሲታይ ተጠያቂው ሠዓሊው፣ ዲስኩን ያዘጋጀው፣ ዴኩ ወይም ቲቪው ሊሆን ይችላል። ለመለየት ላፕቶፕና ቪኤልሲ ይበቃሉ፤ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ፈጣን ጠብ ያለበትን ትዕይንት ምረጡ። ጀስቲስ ሊግ ከሆነ ፍላሽ (የሚሮጠው እንጂ የምንሰካው አይደለም) የሚታይበት ይመቻል። አቁሙና «ኢ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ሥዕሉ አንድ በአንድ ይሄዳል።

የሚሮጠው ሰው ዳርና ዳር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተሰነጣጠቀ «ዲ»ን ተጫኑ። ጥርሱ ከጠፋ ዲስኩ ላይ ያለው ሥዕል በግማሽ በግማሽ መስመር የተቀመጠ ስለሆነ ነው፤ ደህና ዴክና ቲቪ ራሳቸው ይገጥሙታል። ለማስታወሻ አንድ መስመር ይበቃዋል።

«ዲ»ን ተጭናችሁም አንዱ ሰው በአንድ ሥዕል ላይ ሁለት ቦታ፣ አንዱ ደማቅ አንዱ እንደ ጥላ ሆኖ ከቀረ ነገሩ ሌላ ነው። ዲስኩን ያዘጋጁት ሰዎች የአሜሪካውን በሰከንድ 29.97 ፍሬም (ሥዕል) ወደ ፓል 25 ሲለውጡ ሁለት ሥዕል አደባልቀዋል። ይህ ከዲስኩ ጋር የታተመ ስለሆነ ዴክ ወይም ቲቪ በመቀየር አይለቅም። በግምገማችሁ በግልጽ መነቀፍ ያለበት ይሄ ነው፤ አብዛኛው ገምጋሚ ግን «ትንሽ ይደበዝዛል» ብሎ ያልፈዋል።

ሌላው የፓል መንገድ 24ቱን ፍሬም በ25 ማስሮጥ ነው። ሥዕሉ ንጹሕ ይሆናል፤ ክፍሉ ግን በ4 በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም ቀጠን ይላል። የ22 ደቂቃ ክፍል ወደ 21 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይወርዳል። ይህን ሳያውቁ «ወደ አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ተቆርጧል» ብሎ መክሰስ አለ። ተቆርጧል ከማለታችሁ በፊት ሰከንዱን በ25 አባዙና በ24 አካፍሉ፤ 22 ደቂቃ ገደማ ከመጣ የተቆረጠ የለም።

በጥቁሩ የሥዕል መስመር ዙሪያ እንደ ትንኝ መንጋ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ወይም በእሳቱ ውስጥ አራት ማዕዘን ከታየ ከመታጨቅ የመጣ ነው፤ በተራ 1 ወደጻፋችሁት ቁጥር ተመለሱ። ማታ ሰማዩ ላይ ቀለሙ እንደ ደረጃ ከተከፋፈለም እንዲሁ። በአንጻሩ የአቧራ ጠብታ፣ ፀጉር፣ የሥዕሉ ጥላ ዳራው ላይ መውደቅ ያረጀ የእጅ ሥራ ምልክት ነው። ኤክስ-ሜን በእጅ ተሥሎ በካሜራ የተነሣ ስለሆነ አቧራው አብሮ ተነሥቷል። ዲስኩን ያዘጋጀው ሊያጸዳው ይችል ነበር፤ ሆኖም አቧራውን እያጠፋ የሥዕሉን መስመር አብሮ ከሚያጠፋ ማጣሪያ አቧራው ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ መሀል ላይ ሥዕሉ ለቅጽበት ቀጥ ብሎ ከቀጠለ ዴኩ ንብርብር እየቀየረ ነው። ሁልጊዜ እዚያው ደቂቃ ላይ ከሆነ ተዉት። ቦታው ከተለዋወጠ ወይም ተቀርቅሮ ከቀረ ዲስኩን ጥረጉና በሌላ ዴክ ሞክሩ።

5. ድምፅና ሳብታይትል

ለስድስት ስፒከር የተዘጋጀው ባለ 5.1 ድምፅ በቲቪው ስፒከር ብቻ ሲሰማ ንግግሩ ሊሰምጥ ይችላል፤ ዲስኩ 2.0 (ለሁለት ስፒከር) ካለው እሱን ምረጡ። የአማርኛ ሳብታይትል አትጠብቁ፤ የእንግሊዝኛው መኖር አለመኖሩን ግን ጻፉ። ለወላጅ የሚጠቅመው ፈተና ይህ ነው፦ ድምፁን አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ እዩ። ማን ከማን ጋር ለምን እንደሚጣላ ከገባችሁ እንግሊዝኛ ያልጀመረ የማራኪ ወይም የአዘዞ ልጅም ይከታተለዋል። ቁጭ ብለው የሚያወሩ ጀግኖች ብቻ ካያችሁ ያንኑ ጻፉ።

6. ቡድኑን ቁጠሩት

ልጆቹ «አክተሩ የቱ ነው?» ይላሉ። የቡድን ካርቱን ችግሩ አክተሩ አምስት ወይም ሰባት መሆኑ ነው። «ገጸ ባሕርያቱ ሚዛን ይጎድላቸዋል» ከማለት ቆጥራችሁ አሳዩ። ደብተር ላይ ወደ ታች ክፍሎቹን፣ ወደ ጎን አባላቱን አስምሩ። በየሣጥኑ አንድ ፊደል፦ ነገሩን ያስነሣው «ነ»፣ ወሳኙን ውሳኔ የወሰነው «ወ»፣ ለቁጥር ማሟያ የቆመው «ቆ»፣ የሌለው ባዶ። በ13 ክፍል ውስጥ ዘጠኝ «ቆ» ያለው አባል ጌጥ ነው። «ነ» በዝቶለት «ወ» ያጣው ደግሞ ችግር እያመጣ ሌላው የሚያድነው ነው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ዕጣ የሚደርሰው ለትንሹ ወይም ለሴቷ ነውና አስተውሉ።

ሰንጠረዡ ሲሞላ የተከታታዩ ዕቅድ ይወጣል። ቲን ታይታንስ 65 ክፍል፣ በአምስት ሲዝን 13፣ 13 ነው፤ ሦስተኛው ወደ ሳይቦርግ፣ አራተኛው ወደ ሬቨን፣ አምስተኛው ወደ ቢስት ቦይ ያደላል። ስለዚህ አንዱን ሲዝን ብቻ ገዝቶ «ሬቨን ምንም አልሠራችም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ጀስቲስ ሊግ የመጀመሪያ ሲዝን ደግሞ 26 ክፍል ይባል እንጂ 12 ታሪክ ነው፦ ሁለቱ ባለ ሦስት፣ አሥሩ ባለ ሁለት ክፍል። እዚህ ላይ በታሪክ እንጂ በክፍል አትቁጠሩ። ባለ ሁለቱ ታሪክ ግማሹ አንድ ዲስክ፣ ግማሹ ሌላ ዲስክ ላይ ከወደቀም ጥቀሱት፤ ልጅ ማታ በግማሽ ተነሥቶ አይተኛም።

የጉልበቱን ሚዛንም እዩ። ቡድኑ ውስጥ ሁሉን የሚችል ካለ ደራሲዎቹ ለሌላው ሥራ ለማግኘት ቶሎ ይጥሉታል። በጀስቲስ ሊግ መጀመሪያ ላይ ሱፐርማን በቀላሉ ይወድቃል የሚለው ወቀሳ የመጣው ከዚህ ነው። ስንት ጊዜ በመጀመሪያው ምት እንደወደቀ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ አንባቢው ራሱ ይስቃል።

ቅደም ተከተሉን አትርሱ። ኤክስ-ሜን በኋለኞቹ ዓመታት ክፍሎቹ ከታሪኩ ቅደም ተከተል ወጥተው ተላልፈዋል። ዲስኩ የስርጭቱን ተራ ተከትሎ ከሆነ ከቡድኑ የሄደ ሰው መመለሱን የሚነግረው ክፍል ሳይደርስ ተመልሶ ታገኙታላችሁ። ይህ ለገዢው አንድ አንቀጽ ይገባዋል።

7. ጻፉት

ከላይ በአንድ መስመር፦ የክፍሉ ብዛት፣ የዲስኩ ብዛት፣ ሪጅኑ፣ ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ፣ የሥዕሉ ቅርጽ፣ ድምፁ፣ ሳብታይትሉ። ቀጥሎ ካርቱኑ፣ ቀጥሎ ዲስኩ፤ ለየብቻ ነጥብ ስጡ፣ አማካይ አታውጡ። የሲዝኑን መጨረሻ አትንገሩ፤ ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ያለውን ስትጠቅሱ ማን እንደከዳና ማን እንደሞተ ዝለሉ። ለእያንዳንዱ ነቀፋ ዲስክ፣ ክፍልና ደቂቃ አብሩ፦ «ዲስክ 2፣ ክፍል 3፣ ደቂቃ 14፣ ጥላው በግልጽ ይታያል»። ፎቶ ከፈለጋችሁ ቪኤልሲ ላይ «ሺፍት» ይዛችሁ «ኤስ»ን ተጫኑ፤ ቲቪውን በስልክ አንሥቶ ስለ ቀለም መከራከር ዋጋ የለውም።

ከመለጠፋችሁ በፊት የከፋውን ደቂቃ በጎረቤት ዴክና ቲቪ ላይ አንድ ጊዜ ሞክሩት። እዚያ ካልታየ ያንን ነቀፋ ሰርዙ።