የተሰራጨ የጡት ካንሰር ይዘው አሜሪካ ለገቡ

ከጡት አልፎ አጥንት፣ ጉበት፣ ሳንባ ወይም አንጎል የደረሰ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይድንም፤ ነገር ግን በመድኃኒት ለዓመታት ተገትቶ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሥራቸውን እየሠሩ የሚታከሙ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ሕክምናውን የሚወስነው የዕጢው ዓይነት ነው። በሆርሞን የሚያድግ ከሆነ እንደ ሌትሮዞል ያለ ክኒን ከራይቦሲክሊብ ወይም ከፓልቦሲክሊብ ጋር ይታዘዛል፤ ሄር-2 የተባለው ፕሮቲን የበዛበት ከሆነ እንደ ትራስቱዙማብ ያለ መድኃኒት ይሰጣል፤ ሁለቱም የሌሉበት ከሆነ ደግሞ ኬሞቴራፒ፣ ለአንዳንዶችም ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ መድኃኒት) ተጨምሮ ይሰጣል። ስለዚህ አገር ቤት ከዕጢው ናሙና ተወስዶልዎ ከነበረ፣ ዘመድ ወደ ላቦራቶሪው ልከው የውጤት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ናሙና ጭምር ያስመጡ፤ የጥፍር ያህል ብትሆንም ምርመራው በእርሷ ላይ እንደገና ሊሠራ ይችላል። ካንሰሩ ሲሰራጭ ጠባዩ ሊለወጥ ስለሚችል ሐኪምዎ አዲስ ናሙና ቢጠይቁ አይደነቁ።

ቀጠሮ ሲይዙ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለው ይጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለበት፤ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ለማስተርጎም መውሰድ አያስፈልግም፣ ልጅም እንዲህ ያለውን ወሬ መሸከም የለበትም። አስተርጓሚው የሚያውቅዎት የአገር ልጅ ይሆናል ብለው ከሰጉ፣ በሌላ ከተማ የሚገኝ የስልክ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ቤተሰብ ደግሞ፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ «ለእሷ እንዳይነገር» ብሎ ባይደክም ይሻላል፤ እዚህ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ከመደወላቸው በፊት በታማሚዋ ስልክ ላይ ይገባል።

ጾም ከመያዝዎ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ለሐኪምዎ ያሳዩ። ለምሳሌ ካፔሲታቢን የተባለው ክኒን ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚዋጥ በመሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመጾም ጋር አይሄድም፤ የንስሐ አባትዎ ይህን ሲሰሙ የሚከለክሉዎት አይመስለኝም። ጸበልም ቢሆን፣ በኬሞ ምክንያት ነጭ የደም ሴል በቀነሰበት ወቅት ያልፈላ ውሃ መጠጣት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ጥሬ ክትፎም እንዲሁ። ሐኪሙን ሳይጠይቁ ከአገር ቤት የመጣ የሥር መድኃኒት አይጨምሩ።

አሜሪካ የሚሸጠው ቴርሞሜትር ብዙውን ጊዜ በፋራናይት ነው የሚያነበው። በኬሞ ላይ ሳሉ 100.4፣ ማለትም 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ካሳየዎት ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ለሐኪምዎ ይደውሉ፤ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) ውጦ ማደር ትኩሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆመውም።

«ፓሊየቲቭ ኬር» ሲሉዎት ተስፋ ቆርጠው ሰደዱኝ ማለት አይደለም። ሕመምን፣ ማቅለሽለሽንና ጭንቀትን የሚያክም ቡድን ነው፣ ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎንም ይሄዳል። ሆስፒስ የሚባለው ሌላ ነው፤ የሕይወት ፍጻሜ ሲቃረብ የሚሰጥ ነው።

ስለ ወጪው፣ በዲቪ የገቡ ብዙዎች ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ለማግኘት 5 ዓመት እንዲጠብቁ ይገደዳሉ፤ ይሁንና ከውጭ አገር የመጣ ሰው በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ ለመመዝገብ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ይሰጠዋል። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ለችግረኞች የክፍያ ቅነሳ መመሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ማመልከቻውም ከመጀመሪያው ቢል በኋላ እስከ 240 ቀን ድረስ ይቀበላሉ። ፎርሙን የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር አብራዎት ትሞላለች።