ልጅዎ ቃሉን እያነበበ ነው ወይስ ዕቃውን እያየ?

የቤት ዕቃን ስም ወረቀት ላይ እየጻፉ ልጅን ማንበብ ማስተማር ጥሩ ዘዴ ነው። ጫማ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሚቀረው ጽሑፉ ነው። ችግሩ ግን ዕቃው ራሱ መልሱን ይነግረዋል። ብዙው ስህተት የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ወረቀቱን ዕቃው ላይ ለጥፎ መተው

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ነጠላ ጫማ ላይ «ጫማ» ብለው ይለጥፉና «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁት። «ሸበጥ!» ካለዎት ወረቀቱን አላየውም ማለት ነው። «ጫማ» ቢልም ለማጨብጨብ አይቸኩሉ። ወረቀቱን ያንሱና ከ«ጣሳ» እና ከ«ሱሪ» ጋር ያደባልቁት። ከዚያ አንዱን ዝም ብለው ያሳዩት። አንብቦ ዕቃውን ፈልጎ ካመጣ፣ አሁን አነበበ። ዕቃው ከንባቡ በኋላ ይምጣ።

ቤቱን በአንድ ቀን በወረቀት መሙላትም ያው ነው። ሲለመድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለመጀመሪያ ሦስት አራት ቃል ይበቃል።

ዕቃው ቀላል ስለሆነ ቃሉም ቀላል ነው ብሎ ማሰብ

«ድስት» የማያውቅ ልጅ የለም። ለማንበብ ግን ያስቸግራል፤ ሦስቱም ፊደሎች ሳድስ (ስድስተኛው ድምፅ) ናቸው። ልጁ «ድ፣ ስ፣ ት» ብሎ አንድ በአንድ በትክክል ይጠራና ቃሉ አይመጣለትም። እኛ ስንናገረው «ስ» እና «ት» ተጣብቀው ነው የሚወጡት። እንዲህ ያሉትን ለኋላ ያቆዩዋቸው። በ«ጣሳ»፣ «ጫማ»፣ «ሳሙና» ይጀምሩ። ፊደሎቹ በተርታ ሲጠሩ ቃሉ ይወጣል። «ጫማ» ላይ «ማ» ጠብቃ ነው የምትነበበው፣ ይሄ በጽሑፉ አይታይም፤ ግን ቃሉን ስለሚያውቀው ጆሮው ያስተካክለዋል። ደግሞ «ጣሳ»ን ያነበበ ልጅ «ሳሙና» ላይ «ሳ»ን ሲያገኛት ያውቃታል። ቃል ሲመርጡ እንዲህ ፊደል የሚጋሩትን ይፈልጉ።

ሀ ሁን እስኪጨርስ መጠበቅ

33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ያን ሁሉ በዜማ የሸመደደ ልጅ «ሙ»ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ከ«መ» ጀምሮ ይቆጥራል። ቆጠራው አይከፋም፣ ይቀጥል። ቃል ማንበቡ ግን እስኪያልቅ አይጠብቅ።

ቀድሞ መንገር

ልጁ «ሳ... ሙ...» ሲል «ሳሙና!» ብለን እንጨርስለታለን። የአዋቂ አመል ነው። ይታገሱ። «ሳህን» ብሎ ከገመተ ሁለተኛዋን ፊደል በጣት ማሳየት ይበቃል፤ ቁጣ አያስፈልግም። የሰለቸው ዕለት ደግሞ ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ ጨዋታ ነው።

አጻጻፍ መቀያየር

ዛሬ «ውሃ»፣ ነገ «ውኃ» እየጻፉ ልጁን አያደናግሩት። ሁለቱም ተጽፈው ይገኛሉ፤ ለጀማሪ ግን አንዱን ይምረጡና በዚያው ይጽኑ። ከ«ሀ» ጋር ድምፃቸው አንድ የሆነው ሞክሼዎቹ «ሐ» እና «ኀ» በኋላ ይደርሳሉ።