ዘንግ መሰል ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ በብርጭቆ የማየት ዘዴ

ለግድግዳ ምርጊት በሚቦካው ጭቃ ላይ ጭድ የሚጨመረው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው፤ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ግን ጭዱ ሌላም ነገር ያሳያል። ሐረር ውስጥ ቤት ሲመረግ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ የመራጊው እጅ በሄደበት አቅጣጫ የጭዱ ስንጥሮች ተጋድመው ያገኛቸዋል። ድቡልቡል ጠጠር አቅጣጫ የለውም፤ ዘንግ ግን አለው፤ በፈሳሽ ውስጥ የሚያሳየው ጠባይም ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የሚከተለው መመሪያ ይህንኑ በቀላል ዕቃ ለማየት ለሚፈልጉ ተማሪዎችና መምህራን የተዘጋጀ ነው።

ፈሳሹ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን ይሁን። በውኃ መጀመር አይመከርም፤ ሽቦ በውኃ ውስጥ በፍጥነት ስለሚወርድ ወደ አግድም ይዞራል፣ እኛ የምንፈልገው ግን ሰበቃ ብቻውን የሚገዛውን ዝግተኛ ጉዞ ነው። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ እያንከባለለ የሚያመጣው ዝንጣፊም ከዚህ ሕግ ውጪ ነው። ሙቀቱን ሳይመዘግቡ መጀመር ደግሞ ድካምን ከንቱ ያደርጋል። የንጹሕ ግሊሰሪን ዝልግልግነት (ላለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ) በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.4 ፓስካል ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ በ30 ዲግሪ ወደ 0.6 ይወርዳል። ስለዚህ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ በቀትር የሚሠራ ተማሪና 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሐረር በማለዳ የሚሠራ ጓደኛው፣ ዕቃቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ ውጤታቸው ከእጥፍ በላይ ሊራራቅ ይችላል። ግሊሰሪን ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ጠርሙሱ ሳይከደን አይደር።

በመጀመሪያ ከስልክ ገመድ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ያውጡ፤ ልባሱን ልጠውና አቃንተው በ1 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይቁረጡት። ሽቦውን በወረንጦ ይዘው ከግሊሰሪኑ ገጽ በታች፣ በብርጭቆው መሐል ይልቀቁት፤ ከላይ ከተጣለ የአየር አረፋ ይዞ ስለሚገባ አይረባም። አንዱን ቀጥ አድርገው፣ ሌላውን አጋድመው ይልቀቁና ሰከንዱን በስልክዎ ይቁጠሩ። እጅግ ቀጭን የሆነ ዘንግ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ተጋድሞ ከሚወርድበት ፍጥነት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ ርዝመቱ የውፍረቱ 20 እጥፍ ለሆነው ለዚህ ሽቦ ግን ልዩነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ቀጥሎ ሦስተኛውን አዘንብለው ይልቀቁት። እዚህ ላይ ሳይቸኩሉ መቆየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ሽቦው ቁልቁል ብቻ አይወርድም፣ ሳይዞርም እንዳዘነበለ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ወደ ታች የሚስበው ክብደት ብቻ ሆኖ ሳለ ወደ ጎን የሚሄደው፣ በቁመቱ አቅጣጫ ሲንሸራተት የሚገጥመው ሰበቃ በወርዱ ሲገፋ ከሚገጥመው ስለሚያንስ ነው። ይህ የጎን ጉዞ ለቀጭን ዘንግ እንኳ ከቁልቁሉ መስመር ከ19.5 ዲግሪ አያልፍም። ሽቦው የብርጭቆው ግድግዳ አጠገብ ሲደርስ ግን መዞር ይጀምራል፤ ስለዚህ ግድግዳው አጠገብ የታየውን ለብቻ ይመዝግቡ።

ቀጥሎ መሽከርከሩን እንይ። የውስጥ ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ መሐል 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠርሙስ ያቁሙና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በግሊሰሪን ይሙሉ። ከጥርስ ቡርሽ የተቆረጡ 2 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ጥቂት የናይለን ጸጉሮች ይጨምሩ። ናይለን ከግሊሰሪን ጥቂት ስለሚቀል ወደ ገጹ ይጠጋል፣ ከላይ ለማየትም ይመቻል። ጠርሙሱን በየ4 ሰከንዱ አንድ ዙር እንዲዞር በዝግታ ያሽከርክሩት። ጸጉሩ በፍሰቱ መስመር ተኝቶ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያም ድንገት ተገልብጦ እንደገና ይተኛል። ይህን ዙር በሒሳብ ያሳየው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄፈሪ ነው፤ ዘመኑም 1922 እ.ኤ.አ. ነበር። የአንድ ሙሉ ዙር ጊዜ የሚገኘው የርዝመትና የውፍረት ጥምርታውን ከራሱ ግልባጭ ጋር ደምረው በሁለት ፓይ ካበዙ በኋላ፣ የፈሳሹ ንብርብሮች እርስ በርስ በሚንሸራተቱበት መጠን በማካፈል ነው። በዚህ ዝግጅት መንሸራተቱ በሰከንድ 2 ገደማ ስለሆነ፣ ጥምርታው 10 የሆነ ጸጉር ወደ 32 ሰከንድ ይወስዳል፤ ድቡልቡል ቅንጣት ግን 6 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ስሌቱ ጫፉ ለሾለ ቅንጣት የተሠራ በመሆኑ፣ ጫፉ ድፍን ሆኖ የተቆረጠ ጸጉር ከተሰላው ጊዜ ቀድሞ ቢገለበጥ ስሕተት አይደለም።

የቀረው ዘንጎቹ በፍሰቱ ላይ የሚያደርሱት ተጽዕኖ ነው። ጥቂት ድቡልቡል ቅንጣቶች ሲጨመሩ ዝልግልግነቱ የይዘት ድርሻቸውን 2.5 ጊዜ ያህል ያድጋል፤ ዘንጎች ግን እየተገለበጡ ሰፊ ቦታ ስለሚጠርጉ ከዚህ እጅግ የበለጠ ያጎለብቱታል። ጸጉሩን በ5 ሚሊ ሜትር ቢቆርጡት፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ 8 ያህል ሲሆኑ አንዱ የሌላውን መዞሪያ መንካት ይጀምራል፤ ይዘታቸው በዚያን ጊዜ 0.13 በመቶ እንኳ አይሞላም። የሁለት ቡርሽ ጸጉር ቆርጠው በግሊሰሪኑ ውስጥ ካሰራጩ በኋላ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የኩሽኔታ ብይ ይልቀቁና ባዶው ግሊሰሪን ውስጥ ከወሰደበት ጊዜ ጋር ያነጻጽሩ፤ አምስት ጊዜ ደግመው አማካዩን ይውሰዱ። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ቁጥር ያማስሉ፤ ጸጉሮቹ ተሰልፈው ከተኙ ድብልቁ ለማማሰያው ይቀልለዋል፣ ተዘበራርቀው ከቆዩ ይከብደዋል፣ ልኬቱም እንደ አቀማመጣቸው ይለዋወጣል።