ሁለተኛዋ የምርጫ ወረቀት፦ የክልል ምክር ቤት እንዴት ይመረጣል፣ ምንስ ይሠራል?

ጠቅላላ ምርጫ ሲደርስ ወሬው ሁሉ ስለ ፌዴራል ፓርላማው ነው። ምርጫ ጣቢያ ስትገቡ ግን የሚሰጣችሁ ወረቀት ሁለት ነው፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ሁለተኛዋን ብዙ ሰው ሳያስብበት ምልክት አድርጎ ይወጣል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የመሬታችሁ አስተዳደር፣ የክልሉ ፖሊስ፣ የክልሉ መንግሥት ሠራተኛ ጉዳይ፣ ከገበሬውና ከግለሰብ ነጋዴው የሚሰበሰበው ግብር፣ ይህ ሁሉ በክልል ደረጃ የሚወሰን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50ም የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ምክር ቤቱ ነው ይላል።

መጀመሪያ ተመዝገቡ። ካልተመዘገባችሁ ሌላው ሁሉ ትርጉም የለውም። በ2011 በወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መሠረት ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። መታወቂያችሁን ያዙ፤ የሚሰጣችሁንም የመራጭነት ካርድ አትጣሉ። ለመወዳደር ግን ዕድሜው 21 ነው።

አሁን ብዙ ሰው ግር ወደሚለው ነገር እንምጣ። ለፌዴራሉ ከአንድ የምርጫ ክልል የሚያልፈው አንድ ሰው ነው። ለክልል ምክር ቤት ግን ከዚያው ቦታ ብዙ ሰው ሊመረጥ ይችላል። አዲስ አበባ ክልል ባትሆንም አሠራሯ ነገሩን በደንብ ያሳያል፦ 23 የምርጫ ክልሎች አሏት፣ ከእያንዳንዱ 6 ሰው ይመረጣል፣ የከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር የሚሆነው እንዲህ ነው። ስለዚህ ወረቀቷ ረዘም ብላ ብታገኟት አትደናገጡ። ስንት ምልክት ማድረግ እንደሚቻል ምልክቱን ከማድረጋችሁ በፊት አስፈጻሚዎቹን ጠይቁ፤ ከተፈቀደው ካለፈ ድምፃችሁ ይበላሻል።

አሸናፊው ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ለአንድ ወንበር ሦስት ሰዎች ተወዳድረው 4,000፣ 3,500 እና 2,500 ድምፅ ቢያገኙ፣ ባለ 4,000ው ያልፋል፤ የቀሩት 6,000 መራጮች ድምፅ ወንበር አያመጣም። በዚህ አሠራር አንድ ፓርቲ ካገኘው ድምፅ እጅግ የሚበልጥ ወንበር ሊይዝ ይችላል። በበኩሌ የአሠራሩ ትልቁ ድክመት ይሄ ነው እላለሁ።

ምክር ቤቱ ሲመሠረት አፈ ጉባኤና ምክትል አፈ ጉባኤ ይመርጣል። ርዕሰ መስተዳድሩን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም፤ አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ያቀርበዋል፣ ምክር ቤቱ ይመርጠዋል። እሱ ደግሞ የካቢኔ አባላቱን አቅርቦ ያስጸድቃል። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን 5 ዓመት ነው። ዋናው ጉባኤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚሰበሰብ ረቂቅ ሕግን በዝርዝር ማየትና ቢሮዎችን መከታተል የቋሚ ኮሚቴዎች ሥራ ነው። ቴሌቪዥን ላይ እጅ ሲወጣ የምታዩት አዋጅ መጀመሪያ እነሱ እጅ ላይ የነበረ ነው፤ አስተያየት ካላችሁ ያኔ ነው መናገር።

በሁሉም ክልል አንድ ዓይነት አይምሰላችሁ። ሐረሪ ምክር ቤቷ ሁለት ጉባኤ አለው፤ አንዱ 22 አባላት ያሉት የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ፣ ሌላው 14 አባላት ያሉት የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ። ለብሔራዊ ጉባኤው ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጣሉ።

ሥልጣኑ ክልሉ ውስጥም አያበቃም። ብሔር ብሔረሰቦች የሚወከሉበትን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ማድረግንም ይፈቅዳል። የሕገ መንግሥቱን የመብት ምዕራፍ ለማሻሻልም የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች ድጋፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ አይሆንም።

ከምርጫው በኋላ የተመራጫችሁን ስም ጻፉና አስቀምጡ። የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ እንዳለ ከምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመጣ ስለ መንገዱም ስለ ውሃውም ጠይቁት፣ በጀቱ ሲጸድቅ ምን እንዳለም ጠይቁት። እምነት ያጣችሁበትን ተመራጭ ከቦታው የማንሳት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ተጽፏል፤ የሥራ ዘመኑ እስኪያልቅ መጠበቅ ግዴታ አይደለም።